ለመድኃኔዓለም የተሰጠው ቆርቆሮ

ባለፈው ሰሞን ነው። የልጅ ልጄ ሰላም ዐይኔን ለማሳየት ዓለም ባንክ ድረስ ወስዳኝ ነበር። ስንመለስ ታክሲያችን በቀራንዮ በኩል ዞረና መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ሹፌሩ በጥሩምባው፣ ረዳቱ በአፉ፣ ሁለቱም ይጮሃሉ። እኔን ግን በመስኮቱ በኩል አንድ ሽታ መጣና ያዘኝ። የጭቃ ሽታ ነው። ዝናብ የመታው የመንገድ ጭቃ አይደለም፤ በጭድ ተቦክቶ፣ ውሃ እየጠጣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ጉድጓድ ውስጥ የከረመ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ በረትም ጥንስስም የሚሸት ጭቃ። ቀና ብዬ ሳይ፣ ከአንድ ትልቅ ፎቅ ጀርባ አንድ ሰውዬ ሱሪውን ጉልበቱ ድረስ ጠቅልሎ የአሮጌ ቤቱን ግድግዳ ሊመርግ ጭቃ ይረግጣል። ብቻውን ነው። አሳዘነኝ። ጭቃ እኮ ለብቻ የሚረገጥ ነገር አልነበረም።

«ውይ፣ ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?» አለች ሰላም፣ አፍንጫዋን በስካርፏ ይዛ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«እንዴ እማማ!»

«ምን እንዴ አለው? በልጅነቴ እንዲህ ነበር የምሸተው። አያትሽ ያገባኝም እንዲህ እየሸተትኩ ነው።»

እሷም ሳቀች፣ አጠገባችን የተቀመጡትም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ጋደም ስል ግን ሳቁ ሄዶ ሽታው ቀረ። እስቲ ልጻፈው፣ ምናልባት ይለቀኝ ይሆናል ብዬ ነው ይህን የያዝኩት። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ወልጄ ከጨረስኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና እጄ ይዘገያል። ከአንዱ ወደ አንዱ ብዘልም አትፍረዱብኝ።

ያኔ ጃንሆይ ነበሩ። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመት የምለየው በዕቃ ዋጋ ነው። ድፍን ዳቦ በአምስት ሳንቲም፣ ከኮልፌ መርካቶ በጋሪ አሥር ሳንቲም የነበረበት ጊዜ ነው። ሴቼንቶ ታክሲ ወደ እኛ ሰፈር ብቅ ካለች ልጆች ሁሉ ከኋላዋ ይሮጣሉ። ዛሬ አስራ ስምንት ማዞሪያ የምትሉት፣ ያ ሁሉ ሱቅና መጠጥ ቤት የተደረደረበት፣ ያኔ የባሕር ዛፍ ጥላ ነበር፤ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሸክማቸውን አሳርፈው ላባቸውን የሚጠርጉበት። እናቴ በልጅነቷ ከከፋ መጥታ ኮልፌ ገበያ ኮረሪማ ትቸረችር ነበር፤ ነጠላዋ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እንኳ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። እኔ የመጀመሪያዋን ፖፕሊን ቀሚሴን፣ ቀይ አበባ ያለባትን፣ የገዛሁት በራሴ በጭቃ ገንዘብ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ የባትሪ ራዲዮም ነበራት። ቅዳሜ ከሰዓት ዘፈን ሲጀምር ደጃፏ ላይ እንሰበሰባለን። ዘፋኙ ስለ አንዲት ጥርሰ ፍንጭት ሲያለቅስ እትዬ ብርቄ የራሷን ፍንጭት በጣቷ እየነካች «ስለ እኔ ነው እኮ፣ ከፍ አድርጉት!» ትላለች።

ጭቃ የምንረግጠው ሴቶች ነበርን። ስድስት ሰባት ሆነን፣ ቀሚሳችንን በመቀነታችን ሸብ አድርገን ጉድጓዱ ውስጥ እንገባና ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ነው። ጭዱ እግር ይወጋል፣ ጭቃው በጠዋት በረዶ ነው፤ ስለዚህ እንዘፍናለን። ግጥሙን እዚያው የምንፈጥረው ነው፤ አብዛኛው ግንበኛውን መስደብ ነው፣ እጁ ዘገምተኛ፣ ዐይኑ ቀልቃላ እያልን። ከሚሰደቡት አንዱ በቀለ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ በቀለ ነበር የምለው። ከተጋባን በኋላም አፌ አልመለስ ብሎ ጋሼ ስለው «ኧረ ተይ ወርቅነሽ፣ ሰው ይስቅብናል» ይለኛል። ነፍሱን ይማረውና ቀልደኛ አልነበረም፤ ሰው ሲቀልድበት ግን ደስ ይለው ነበር።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ቤት ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወደ ኮልፌ ሲመጡ፣ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ነበር። ሰው «የፊታውራሪ ፎቅ» ይለዋል። ፊታውራሪ ግን ሞተው ቆይተዋል፤ እኔ የደረስኩት ሚስታቸው እሜቴ የሺመቤት ላይ ነው። ቤቱን ጥንት ህንዶች ናቸው የሠሩት ይባላል። ታቹም ላዩም ድንጋይ፣ ድንጋዩን የሚያያይዘው ጭቃ፣ ከውጭ ደግሞ በነጭ ኖራ የተለሰነ። ላዩን ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ ይከበዋል፤ የበረንዳው ጠርዝ እንደ ቀሚስ ጥልፍ የተፈለፈለ ሳንቃ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ የሳንቃው ጥላ ነጩ ግንብ ላይ ያርፍና ሌላ ጥልፍ ይሆናል። እኔ ከሥራ ስወጣ ቆሜ አየው ነበር፤ ደክሞኝም ቢሆን። ቆርቆሮው ደግሞ የዛሬውን ቆርቆሮ እንዳይመስላችሁ። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ወፍራም፣ አንዱን ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው። ዛሬ ብትሄዱ ምንም አታገኙም። መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሞበታል፤ ታቹ ሞባይል ይሸጣል። ባለፈው ዓመት ሰላም ከእኔ ጋር እዚያ ገብታ የስልኳን መሸፈኛ ስትመርጥ፣ እኔ በረንዳው በየት በኩል እንደነበር ሳሰላ ሻጩ ልጅ «እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ።

ታዲያ ያ ሁሉ ማማር ከውጭ ነው እንጂ ቤቱ አርጅቶ ነበር። ክረምት ሲገባ የእሜቴ መኝታ ቤት ውስጥ ሳፋና ባልዲ ይደረደራል። የእህታቸው ልጆች ከተማ ያሉ፣ ኮትና ክራቫት የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ፤ በመጡ ቁጥር «ይፍረስ፣ ቦታው ይሸጥ፣ እርስዎም እኛ ዘንድ ይግቡ» ይሏቸዋል። እሜቴ ሙሽራ ሆነው የገቡበት ቤት ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ያላቸው እሱ ነው። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ሁላችን እየሰማን «አንድ ክረምት ስጡኝ» አሏቸው። «ጠግኜ አሳያችኋለሁ። ቀጣዩ ክረምት ቤቱን ደረቅ ሆኖ ካላገኘው ያኔ አፍርሱት፤ እኔንም እንደ ዕቃ ጭናችሁ ውሰዱኝ።» እንዲህ ብለው ነው በቀለን ያስጠሩት። በቀለ እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው ረዳት ነበር። ዋና ግንበኛ ተብሎ ሲቀጠር የመጀመሪያው ነው። የሚሄድ ዕለት ጠዋት ቱምቢውን፣ ያን ግንቡ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበትን ባለ ገመድ ብረት፣ በቅባት ወልውሎ እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አጠለቀው። እኔ ሆዴ ገፍቶ ነበር። እንዲያም ሆኖ አልቀረሁም፤ የዚያን ግንብ ጭቃ ሰባተኛ ወር እስኪሞላኝ ድረስ ረግጬዋለሁ።

ሥራው በበጋ ተጀመረ። በቀለና ሰዎቹ አሮጌውን ኖራ ከግንቡ ላይ ፋቁት፤ በድንጋዩ መሃል ያለውን የደረቀ ጭቃ እየጫሩ አወጡና የእኛን ጭቃ ጠቀጠቁበት። አዲሱ ኖራ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ተነክሮ መብሰሉን ይጠብቃል። ቀጥሎ አናጢዎቹ ጣራው ላይ ወጥተው ሲያዩ፣ ቆርቆሮውን የተሸከመው እንጨት ተበልቶ አልቋል። ጣራው በሙሉ ይነሣ ተባለ። በቀለ «በጋ ነው፣ አሁን ካልተነሣ መቼ ሊነሣ ነው?» አለ። እሜቴም ለአዲሱ ቆርቆሮ መርካቶ አንድ ነጋዴ ዘንድ ከፈሉ፤ በአሥር ቀን ይደርሳል ተባሉ። አሮጌው ቆርቆሮ ወርዶ ግቢው ውስጥ ተቆለለ። ቀዳዳ ያለበት ጥቂት ነው፤ ሌላው ዝገት የነካው ይምሰል እንጂ ጤነኛ ነበር። የሚያፈሰው ምስማሩ እየላላ፣ እንጨቱ እየጎበጠ ኖሯል።

የመጋቢት መድኃኔዓለም ዕለት ነው። ጾም ነው። እሜቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ክምር ሄዱና ጎረቤቱን አስጠሩ። ያኔ እኛ ሰፈር ቆርቆሮ ያለው ቤት በጣት ይቆጠራል፤ ሁሉም ሳር ቤት ነው። ግቢው ሞላ።

«ይሄ የመድኃኔዓለም ነው» አሉ። «የፊታውራሪን ነፍስ ይማር እያላችሁ ውሰዱ።»

እልልታው! እትዬ ብርቄ ከሁሉ ቀድማ ገፍታ ገባች። «እሜቴ፣ ለእኔ ጨመር ያድርጉልኝ! ደንበኞቼ ጠላውን ከዝናብ ውሃ ጋር ነው የሚጠጡት።»

«አንቺ ድሮስ ከውሃ ጋር አይደል እንዴ የምትሸጪው?» አሉ እሜቴ። ሰው በሳቅ ሞተ። ስድስት ሰጧት።

በቀለ ዳር ቆሞ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ አንድ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር፤ «እሜቴ፣ አዲሱ እስኪደርስ አሮጌው ይቆይ» ሊል። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን በዚያ ቅጽበት ዞር አሉና ሆዴን አዩ። «ለበቀለ አራት» አሉ። «ይሄ ልጅ በሚያፈስ ሳር ቤት ውስጥ አይወለድም። የክርስትና እናቱም እኔ ነኝ።» እና በቀለ ዋጠው። ዋጠውና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያም ወደ ክምሩ ሄደ፤ ባለሙያ አይደል፣ በጣቱ እያንኳኳ፣ ድምፁን እየሰማ፣ ጤነኞቹን አራቱን መረጠ። እኔ ምን ተሰማኝ? ኩራት። ሌላ ምንም አልተሰማኝም። ዕለቱን የሳሩን ክዳን አንሥቶ እንጨቱን አስተካከለና ቆርቆሮውን መታው። እማዬ ከታች ሆና ምስማር እያቀበለችው «ልጄ፣ እስከዛሬ ያየሁህ አይመስለኝም፣ እንዲህ ረጅም ነህ እንዴ?» ትለዋለች። ሳቅን። ያችን ቀን እወዳታለሁ። መውደዴ ያሳፍረኛል፣ ግን እወዳታለሁ።

በስድስተኛው ቀን ወለድኩ። ሴት ናት፤ ሦስት እልልታ። የሰላም እናት እሷ ናት። አራስ ሆኜ በመደቤ ላይ ተጋድሜ፣ እማዬ ገንፎውን በቅቤ እያደረገች ታጎርሰኛለች። አራስ አትጾምም። ከበሩ ውጭ አልወጣም፤ ሰው ሲገባ የሚነግረኝን፣ በግድግዳው የምሰማውን ነው የማውቀው። በአራተኛው ቀን ከሰዓት ሰማዩ ሳያጉረመርም ዝናቡ ወረደ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ቸብ ቸብ አለ፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ድምፅ ሆነ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝናብ ሳይነካኝ ሰማሁት። ልጄን ደረቴ ላይ አስተኝቼ ወደ ላይ አያለሁ፤ አንድም ጠብታ የለም። «እሰይ፣ እሰይ» አልኩ። እማዬ ግን አላለችም። ቁና እንደያዘች ቆማለች። «ወርቄ፣ የእሜቴ ቤት ራሱ ራቁቱን ነው» አለች።

እውነት ነው። ጣራ የለም፤ ኖራውም ተፍቆ ተነሥቷል። ግንቡ ከላይ እንደ ተከፈተ ጆንያ ነው። በዚያ ዝናብ ውስጥ በቀለ፣ አናጢዎቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሮጡ። ከአንድ የጭነት መኪና ሸራ ለመኑ፤ ሰሌን አመጡ፤ የጉራጌ ጎረቤቶቻችን ጓሯቸው ካለው እንሰት ትልልቁን ቅጠል እየቆረጡ ተሸከሙ። ግንቡን ከላይ አለበሱት፣ ድንጋይ ጫኑበት። ነፋሱ እስኪመጣ ድረስ ጥሩ ነበር። ነፋሱ ሲመጣ ቅጠሉ ተቀደደ፣ ሸራው ተገለበጠና ያጠራቀመውን ውሃ እንደ እንስራ ግንቡ ራስ ላይ ደፋው። በማግሥቱም ዘነበ። በሦስተኛውም። የበልግ ዝናብ አንዳንዴ ወጉን ብቻ አድርሶ ይሄዳል፤ የዚያን ዓመት አልሄደም። በቀለ ጠዋት ጠዋት መርካቶ እየሄደ ነጋዴውን ይጠይቃል። አንድ ቀን «ባቡር ላይ ነው» ይሉታል፣ አንድ ቀን «ለገሃር ገብቷል»፣ አንድ ቀን ደግሞ «ነገ»። ማታ ልብሱ እየተንጠባጠበ ይገባና በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ አራስ እንዳያበርዳት ብሎ አይጠጋኝም።

«እንዴት ነው?» እለዋለሁ።

«ግንብ ከጎኑ ቢመታ ምንም አይሆንም» አለኝ አንድ ቀን። «ከራሱ ከጠጣ ግን ወደ ውስጥ ነው የሚሟሟው። ቱምቢውን ጣልኩበት። የምዕራቡ ግንብ ሆዱ ተነፍቷል።»

የምዕራቡ ማለት በረንዳውንና ደረጃውን የተሸከመው ነው። በሙሉ የእኛ ጭቃ የገባበት። እኔ ያን ጭቃ በእግሬ አውቀዋለሁ። ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ ሳይደርቅ ውሃ ካገኘው ግን መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ እንደ ሊጥ ይለቃል። ተኝቼ ያን እያሰብኩ እግሬን በብርድ ልብሱ ውስጥ አንቀሳቅሳለሁ፣ እንደምረግጥ። ምን ላደርግ እችላለሁ? ጡት አጠባለሁ። ይኸው ነው።

በቀለ እሜቴ ዘንድ ሄደ። ያየውንም የተባለውንም እንዳለ ነግሮኛል። እሳቸው ጓሮ ማድ ቤት ገብተው፣ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እሜቴ፣ ሰው ቆርቆሮውን ለአንድ ሳምንት ቢያውሰን ግንቡን ከላይ ልከድነው እችላለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ልመና አይደለም፣ ውሰት ነው። አዲሱ ሲመጣ በእጥፍ አርገን...»

«ለመድኃኔዓለም የሰጠሁትን? መልሼ?»

«ቤቱ ሊሄድ ነው እሜቴ።»

«አንተ ልጅ» አሉት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ቆርቆሮው የማን ነው? ዝናቡስ የማን ነው? ሁለቱም የአንድ ጌታ ነው። እኔን መሃል አታስገባኝ።»

ከዚያ በኋላ እሳቸው ሳያውቁ ራሱ ቤት ለቤት ዞረ። በመጀመሪያ እትዬ ብርቄ ዘንድ ገባ፣ ስድስት አላት ብሎ። ድምፃቸው በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር።

«ስድስቱን ለአንድ ሳምንት እትዬ ብርቄ። እኔ ራሴ መልሼ እመታልሻለሁ።»

«እሜቴ ልከውህ ነው?»

«አይ። እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንተን ልጠይቅህ በቄ። የአንተ ቤት ቆርቆሮ የለውም እንዴ?»

እሷው ቀጠለች።

«አራት ነው የተሰጠህ፣ ቆሜ አይቻለሁ። እያንኳኳህ ነው የመረጥከው። እንደ ሐብሐብ!» የጠላ ቤቱ ሰዎች ሳቁ። «ሂድና ከራስህ ቤት ላይ አውርደህ ና። ያኔ የእኔን በዚህ በእጄ አወርድልሃለሁ፣ ደንበኞቼም እየዘነበባቸው ይጠጣሉ። መድኃኔዓለምን! አልዋሽህም።»

አልዋሸችውም። እትዬ ብርቄ አፏ እንጂ ልቧ ክፉ አልነበረም። እሱ አንድ ቢያወርድ እሷ ታወርድ ነበር፤ እሷ ካወረደች ሰፈሩ ሁሉ ያወርድ ነበር። ይሄን በቀለም ያውቃል፣ እኔም ተኝቼ አውቄዋለሁ። አሁን ድረስ አውቀዋለሁ።

ገባ። መሰላሉን ይዞ ነው የገባው። መደቤ አጠገብ ቆሞ ወደ ላይ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ የተጠቀለለችውን ልጅ።

እማዬ ነገሩ ገብቷት ከምድጃው ተነሣች። «ምን ልታደርግ ነው?»

«አራቱን ካነሣሁ ሌላው ሰው ይከተለኛል እናቴ።»

«የአሥራ አንድ ቀን አራስ እኮ ናት! ዝናብ ላይ ልታሰጣብኝ ነው? ሕፃኗንስ? ለድንጋይ ብለህ?»

«ድንጋይ አይደለም» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «ወርቅነሽ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ከተጋባን ጀምሮ «አንቺ ምን ትያለሽ» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አውርደው ብል ልጄ፤ አታውርደው ብል እሱ። የእሜቴ ዐይን ሆዴን ሲያይ፣ ያ ነጭ ግንብ፣ ያ የሳንቃ ጥላ፣ ሁሉም መጣብኝ። አፌን ከፈትኩ። «ሁለቱን» አልኩ። «ሁለቱን አንሣና ሁለቱን ተው። እኔና እሷ ወደ ጥግ እንጠጋለን።»

ወጣ። መሰላሉ ከውጭ ግድግዳውን ሲነካ ሰማሁ። ሲወጣ ሰማሁ። እማዬ እኔንና ልጄን ወደ ጥግ ስባ በጋቢዋ ሸፈነችን፤ ታለቅሳለች። ከላይ ምስማር ሲነቀል ይጮሃል። አንድ። ቆየት ብሎ ሁለት። ሦስተኛው ሲወጣ የቆርቆሮው ጫፍ ተነሣና አንድ ክር የሚያህል ብርሃን ገባ፤ ከብርሃኑ ጋር ውሃ። ብዙ አይደለም፣ አንድ እፍኝ ቢሆን ነው። የልጄ ግንባር ላይ ነው ያረፈው። ጮኸች። ያን ቀን ነው ድምፅ እንዳላት ያወቅነው፤ እስከዚያ እንደ ድመት ነበር የምታለቅሰው። እኔ «ተው» አላልኩም፣ እማዬም አላለችም፤ ከላይ ግን ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ዝናቡ ብቻ። ከዚያ መዶሻው መምታት ጀመረ። የነቀላቸውን ሦስቱን ምስማሮች መልሶ መታቸው። አንዱን ብዙ ጊዜ መታው፣ ከሚያስፈልገው በላይ። ክሩ ብርሃን ጠፋ።

ሲገባ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ግንቡ የወደቀው በማግሥቱ ጠዋት ነው። አባርቶ ነበር፣ ፀሐይም ወጥታ ነበር፤ ሰው ሁሉ ተርፏል ብሎ አምላኩን ሲያመሰግን ነው። እኔ ነጎድጓድ መሰለኝ፤ ግን በበሩ ስንጥቅ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ከዚያ የእንጨት መሰበር፣ ያ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለው ሳንቃ ሁሉ። ከዚያ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ሰው አልጎዳም፣ በቀለ ጠዋቱን ማንም እንዳይጠጋ ገመድ አስሮ ነበር። ቱምቢውን ይዞ ከገመዱ ውጭ ቆሞ ሲወድቅ አየው አሉ። ከሰዓት የእሜቴ እህት ልጆች በመኪና መጡ። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም፤ እንዲያውም ትሑት ነበሩ። ቦታውን በገመድ ሲለኩ ትልቁ ለበቀለ «ያዝልኝ እስቲ ጫፉን» አለው፤ እሱም ያዘለት። አዲሱ ቆርቆሮ በሁለተኛው ቀን ከመርካቶ በጭነት መኪና ደረሰ። ሲያብረቀርቅ ከሩቅ ይታይ ነበር አለችኝ እማዬ።

እሜቴ የመጡት ሊሄዱ ሲሉ ነው። ልጆቹ ከተማ ሊወስዷቸው መኪናው ከመንገድ ቆሟል፤ እሳቸው ግን «መጀመሪያ አራሷን ሳልጠይቅ አልሄድም» ብለው በእግራቸው መጡ። ቅቤ በቅል ይዘዋል። በቀለ ሲገቡ ብድግ አለና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆመ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ።

«ማርያም ታኑርልኝ እሜቴ።»

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ልጄን ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩዋት፣ ጆሮዋን፣ ጣቶቿን። «የክርስትና እናቷ ነኝ ብያለሁ፤ የትም ብሆን ላኩብኝ» አሉ። እማዬ እንባዋን ለመደበቅ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። በዚህ መሃል ነው ዝናቡ የጀመረው። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ። ከዚያ ድምፅ በታች ሰው እንደ ልቡ ማውራት አይችልም። እሜቴ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ብዙ አዩት። እኔ በልቤ፣ ምነው አንድ ክፉ ቃል በተናገሩን እላለሁ።

«አያፈስም?» አሉ።

«አያፈስም እሜቴ።»

«ጠብም አይል?»

«ጠብም አይል።»

ልጄን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሯት። «ማነው የመታው?»

«እኔ ነኝ» አለ በቀለ፤ አልተሰማም፣ ደገመው። «እኔ ነኝ እሜቴ።»

«ጎበዝ» አሉት።

በቀለ ነጠላ እንኳ ሳይደርብ በሩን ከፍቶ ወጣና ዝናቡ ውስጥ ቆመ። እማዬ «ኧረ ልጄ! ኧረ ግባ!» እያለች እስከ ደጃፉ ተከተለችው። እኔ አራስ ነኝ፤ ከመደቤ አልነሣም። በተከፈተው በር ጀርባውን አየዋለሁ፤ ሸሚዙ ወዲያው ተጣበቀበት። እሜቴ አላዩትም። ልጄ እቅፋቸው ውስጥ አንቀላፍታ ነበርና እንዳትነቃባቸው፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ እስኪያባራ ተቀመጡ።